ካሣነሽ ጡት ያጣባቻት አስተማሪ

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

ጥያቄው የመጣው በእንግሊዝኛ ነበር። ካሣነሽን ያስቸገራት ግን ጥያቄው አልነበረም፤ መልሱ ነው የጠፋት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ የጎልማሶች ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል። ውጭ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቀጫቅጫል፤ ውስጥ ሴቶቹ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው ሰብስበው ተቀምጠዋል። አስተማሪዋ ጠመኔዋን እንደ ማይክ ወደየአፋቸው እየዘረጋች «ሃው ሜኒ ችልድረን ዱ ዩ ሃቭ?» እያለች ከአንዷ ወደ አንዷ ትሸጋገራለች።

«ፎር!» አለች አበባየሁ፣ ጠመኔው ገና ሳይደርሳት። ከዚያ አሰብ አደረገችና፣ «ባሌን ከጨመርሽ ፋይቭ። እሱም ካላጎረስኩት አይበላም» ብላ ጨመረች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋ ቀልዱ ግማሹ ብቻ ቢገባትም ከሁሉም አብልጣ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ዓይኗ ጨርሶ ይጠፋል። ቀጥሎ የካሣነሽ ተራ ደረሰ።

ካሣነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ቆመች። ከሴቶቹ ሁሉ ተነሥታ የምትመልስ እሷ ብቻ ናት፤ ለትምህርት እንደ ወንጌል ንባብ ነው የምትቆምለት።

«አይ ሃቭ...» ብላ ጀመረች። ከዚያ ቀጥ አለች።

ልጅ እንዴት ይቆጠራል? ከብት እንኳ ጮክ ተብሎ አይቆጠርም። ደግሞስ ማንን ቆጥራ ማንን ትተው? ትልቋ ንግስት ለሁለት ዓመት ብላ ዓረብ አገር ከሄደች ሰነበተች፤ አሁን ድምፅ ብቻ ሆናለች፣ በስልክ «እማ፣ ደህና ነኝ» የምትል ድምፅ። በእጇ የቀረው ወንድ ልጇ ይታያል ነው። «አንድ» ብትል ንግስትን የካደች፣ «ሁለት» ብትል ደግሞ ከሄደችው ጋር ቆጥራ ይታያልንም ለመንገድ ያሰናዳች መሰላት። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፤ ሴቶቹ ይጠብቃሉ፤ ቆርቆሮው ሳይቀር ዝም ያለ መሰላት።

«አይ ሃቭ ፖቴቶ!» አለች በመጨረሻ።

በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ሳቅ ተስቆ አያውቅም። አበባየሁ ከአግዳሚው ተንሸራታ መሬት ላይ ተዘረፈጠች። የጎልማሶቹ መምህር አቶ አወቀ፣ ጥርሱ የማይታይ ኮስታራ ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካሣነሽም ሳቀች፤ መቼስ ውሸት አልተናገረችም፣ ድንች አላት። መናኸሪያው በር ላይ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር የምትሸጠው እሷ ናት። ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

የአስተማሪዋ ስም ሮወና ነው። ከፊሊፒንስ የመጣች ናት፤ ባሕር ከከበበው፣ ብርድ የሚባል ነገር ከማያውቅ አገር። በበጎ ፈቃድ ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ልታስተምር መጣች፤ ትምህርት ቤቱ ቤት ሲያፈላልግላት ካሣነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተገኘች። «ሮወና» ለካሣነሽ አፍ አልመች አለ። በማግስቱ «ሮማን» አለቻት፤ ብዙም ሳይቆይ ከተማው በሙሉ ሮማን አላት። የሰፈሩ ልጆች ብቻ ናቸው «ቻይና! ቻይና!» እያሉ የሚከተሏት። እሷም አትቆጣም፤ ዞር ብላ በአገራቸው ስም «ጋይንት! ጋይንት!» ትላቸዋለች። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ሰነበቱና በኋላ እነሱም «ጋይንት መጣች! ጋይንት መጣች!» እያሉ ይቀበሏት ጀመር።

ካሣነሽ በተፈጥሮዋ ስጉ ናት። ሰማዩ ሲጠቁር በረዶ ይወርዳል ብላ ትሰጋለች፤ ሲጠራ ውርጭ ይመጣል ብላ ትሰጋለች። እንዲህ ያለች ሴት ግቢ ውስጥ ብርድ የማያውቅ ሰው ሲገባ ምን እንደምትሆን መገመት ነው። «በርዷት ብትሞትብኝ ለአገሯ መንግሥት ምን ብዬ እመልሳለሁ?» እያለች ጋቢ አለበሰቻት፤ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረበችላት። ሮማንም የቱን የት እንደሚለብሱት ስላላወቀች ጋቢውን ተከናንባ ትምህርት ቤት ሄደች። ሰባ የሚያህሉ ተማሪዎች የታጨቁበት ክፍል ውስጥ እርቅ ሊያወርድ እንደ መጣ ሽማግሌ ሆና ስትገባ፣ ተማሪዎቹ በአንድነት ተነሥተው እጅ ነሷት ተብሎ ተወራ።

ሰላምታስ ቢሆን! እዚህ አገር ሰላምታ መዝለል ነውር ነው ብሎ የመከራት ሰው የቱ ጋ እንደሚያበቃ አልነገራትም መሰለኝ። ጠመኔ በጠመኔ ሆና ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባለ ሱቁን፣ ሊስትሮውን፣ የሚኒባስ ረዳቱን፣ በር ላይ የታሰረውን ሙክት ሳይቀር «እንደምን ዋላችሁ? ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ደህና?» እያለች ነው የምትመጣው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ገብታ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ጉልበት ስማ፣ ንፍሮ በልታ፣ አልቅሳ ተመልሳለች። «ማን ሞቶ ነው?» ቢሏት «አላውቅም፣ ግን በጣም ያሳዝናል» አለች።

ቤት ስትገባ ሩዝ ትቀቅላለች። ጧትም ሩዝ፣ ማታም ሩዝ። ካሣነሽ በዚህም ሰጋች። «ይቺ ልጅ የዶሮ እህል ብቻ እየበላች እንዴት ትቆማለች?» እያለች ከሩዙ አጠገብ ድንች ታስቀምጥላታለች። ሮማን ድንቹን በሩዝ ትበላዋለች። እንዲህ እየተባለ፣ እየተሳቀቁና እየተሳሳቁ፣ ከረሙ። ሴቶቹ «ካለችልን አይቀር ለእኛም እንግሊዝኛ ይጨመርልን» ብለው አቶ አወቀን ስለጨቀጨቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ለእነሱ ታስተምር ጀመር።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደግ ነበር። ነገር የመጣው በይታያል ነው።

ይታያል የሰው ባጃጅ ይነዳል። ጧት ጧት ሮማንን ትምህርት ቤት ያደርሳታል፤ ማታ ይመልሳታል። እሱ እንኳ በፊት ባጃጁን የሚያጥበው ዝናብ ሲጥል ነበር፤ ዝናቡ ያጥብለታል። አሁን ግን...

«ካሲ፣ ልጅሽን ምን ነካው?» አለች አበባየሁ አንድ ቀን። እሷ መናኸሪያው በር ላይ ከካሣነሽ ጎን ቆሎ ትሸጣለች፤ ከቆሎዋ ወሬዋ ይበዛል።

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ባጃጁን ሲያጥብ አየሁት።»

«ታዲያ አይታጠብም?»

«በሳሙና እኮ ነው ያልኩሽ! ራሱ እንኳ በሳሙና የሚታጠበው ለጥምቀት ነበር።»

«ኧረ ወዲያ፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ፀጉሩንም ተላጭቶ መሀሉን አስቀርቷል። ደግሞ ከሮማን ጋር አጥሩ ሥር ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ሲንሾካሾኩ አይቻለሁ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ጆሮ ጣል አድርጌ እነግርሽ ነበር።»

«ትምህርት ነው። ታስተምረዋለች።»

«ትምህርት!» አለች አበባየሁ ቆሎዋን እያንጓለለች። «ፎቶ የተነሣውስ ለትምህርት ነው? ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ጆሮው እስኪታይ። ጆሮ የሚታይበት ፎቶ ደግሞ ለፓስፖርት ነው። የእኔዋ እህት ዓረብ አገር ስትሄድ ጆሮሽን አውጪ እያሉ ነው ያነሷት።»

«እናቴ፣ ድንቹስ?» አለ አንድ ተሳፋሪ፣ መዳፉን ዘርግቶ። ካሣነሽ አየችው። ሚጥሚጣውን ለብቻው ዘግና ሰጥታዋለች።

ያን ቀን ድንቹም አልሸጥ አላት። ሮማን ዓመቷ ሲያልቅ ትሄዳለች፤ ይህን ታውቃለች። ይታያልን አስከትላ ብትሄድስ? ዙሪያውን ባሕር ወደ ሆነ አገር! ይታያል ዋና አይችልም። ወንዝ ሲሻገር እንኳ እጇን ይዞ ነበር ያደገው። ንግስትም «ትንሽ ቆይቼ» ብላ ነው የሄደች። ካሣነሽ ሮማንን «ውጪልኝ» እንዳትል ትወዳታለች፤ ችግሩም ይኸው ነው። ማንም እናት ለምራትነት የምትመርጣት ልጅ ናት፣ ምራት ሆና እዚሁ ብትቀር። ምራት ግን ባሏን ወደ አገሯ ትወስዳለች ብላ ሰጋች።

ምሽቱን ልጇን እራት ላይ ያዘችው።

«ይታያል፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

ይታያል ጉርሻው አነቀው። «ምንም የለም እማ። ማለት... አለ። ግን ገና ነው። ሲደርስ እነግርሻለሁ።»

«ምኑ ነው የሚደርሰው?»

«ሲደርስ!» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በግድግዳው ማዶ ከሮማን ጋር ሲስቁ ተሰማት። ሳቅ ደግሞ አስተርጓሚ አይፈልግም።

መፍትሔው የመጣው በገበያ ቀን ነው፣ ከአቶ አለባቸው ጋር። አቶ አለባቸው ከገጠር ገብስ ጭነው ሲመጡ ካሣነሽ ዘንድ ድንች ሳይበሉ የማይመለሱ፣ ለእርቅ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዕለት አህያ የሚነዳላቸውን ጎረምሳ ሲያስተዋውቋት፣ «የጡት ልጄ ነው» አሏት። «ከሴቶች ልጆቼ ጋር አብሬ ገበያ ብልከው ልቤ አይፈራ። ወንድማቸው ነዋ! ሥጋ ነው!»

ካሣነሽ ድንች እንደያዘች ቆመች።

የጡት ልጅ! እንዴት ሳታስበው ቀረች? ሰው ሌላውን ልጅ ሊያደርግ ሲሻ በሽማግሌና በቄስ ፊት አውራ ጣቱን በማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ልጅ ነው፤ የቤቱ ልጆች እህት ወንድሞቹ ናቸው፤ ሲሞቱ ያለቅሳል፣ ሲጣሉ ያስታርቃል። ትዳር የሚባል ነገር ግን በመካከላቸው አይታሰብም። አይታሰብም!

«ካሣነሽ» አሉ አቶ አለባቸው፣ «ድንቹን ስጪኝ እንጂ። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትስቂው?»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የነፍስ አባቷን አባ ተክለሃይማኖትን ጠብቃ መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ፣ ወለተ ሥላሴ» አሉ በክርስትና ስሟ።

«አንደኛው የሥጋ ልጅ ቢሆን፣ ሌላዋ ደግሞ የጡት ልጅ ብትሆን... ይጋባሉ?»

አባ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «እግዚኦ! እህትና ወንድም እንዴት ተደርጎ!»

«በፍጹም?»

«በፍጹም።»

«ባሕር ቢሻገሩም?»

«ባሕር ምን ያደርግለታል? ማን ነው ደግሞ ሊጋባ ያሰበ?»

«ማንም። እንዲያው ለማወቅ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ሁሉን ማወቅ ያምረኛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሮማንን ጡት ላጣባት አስቤ ነው» አለች።

«ፈረንጇን?»

«ፈረንጅ አይደለችም አባ፣ ፊሊፒንስ ናት። አንገቷ ላይ መስቀል አለ። ረቡዕና ዓርብ ከእኔ ጋር ትጾማለች፤ ሩዟን ባዶውን ትበላለች።»

አባ ጥቂት አሰቡ። «እንግዳን ልጅ ማድረግ መልካም ነው። ብቻ ጣትሽን አጥብቀሽ ታጠቢ፤ ያ ሚጥሚጣሽ እንዳይከተልሽ።»

ማታ ለሮማን ስትነግራት ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ካሣነሽ በእጇም በአማርኛዋም፣ በምታውቃት እንግሊዝኛም «ዩ፣ ማይ... አይ፣ ዩር...» እያለች አስረዳቻት። በመጨረሻ ሲገባት ሮማን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ? የእርስዎ ልጅ? እውነት?»

«እውነት።»

ሮማን ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ካሣነሽ በጀርባዋ በኩል አጮልቃ የይታያልን ፊት ታያለች። አሁን ይጠቁራል ብላ ጠበቀች። አሁን «አይሆንም!» ይላል።

ይታያል ግን እንደ ጥጃ ዘለለ። «እማ! እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ማሩን እኔ ነኝ የምገዛው! ነጩን የጋይንት ማር!» ብሎ ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ሮጦ ወጣ።

ካሣነሽ በሩ ላይ ቀረች። ለምንድን ነው ደስ ያለው? እህቱ ስትሆን ለምን ደስ ይለዋል? አዲስ ስጋት ያዛት፤ የስጋቱን ስም ግን ማወቅ አቃታት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። የጎልማሶች ክፍል ሴቶች ሁሉ መጡ፤ አቶ አወቀ ክራቫት አስሮ መጣ፤ አቶ አለባቸው ከገጠር ወረዱ፤ አባ ተክለሃይማኖት ጥላቸውን ይዘው ገቡ። ሮማን ካሣነሽ በሰጠቻት የሐበሻ ቀሚስ ተውባ፣ ቀሚሱ ቢረዝምባት በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ለሰውም ለዶሮውም ሰላምታ እየሰጠች ትዞራለች። ድግሱ ላይ እጇ ይኑርበት ብላ አንድ ትልቅ ድስት ሩዝ ቀቅላ ነበር። ሰዉ ሩዙን በወጥ እየጠቀለለ ሲበላ አበባየሁ፣ «ልጅቱ ከነጥሎሿ መጣች» አለች።

ካሣነሽ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥባለች። ምን ያደርጋል፤ ሰዉ ሲበዛ ድንቹ እንዳያንስ ብላ ሰግታ፣ በመጨረሻው ሰዓት ሚጥሚጣ ልትጨምር ጓዳ ገብታ ነበር።

ማሩ በብርዱ ደርቆ እንደ ሻማ ሆኗል። ይታያል በትንፋሹ እያሞቀ አለሰለሰው። አባ ጸሎት አደረሱ። አቶ አለባቸው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሮማን፣ ከዛሬ ጀምሮ ካሣነሽ እናትሽ ናት። ስትታመም ታስታምሚያታለሽ፣ ሲከፋት ታጽናኛታለሽ። ልጇ ይታያል ወንድምሽ ነው።»

«ጋሼ፣» አለች ካሣነሽ፣ «የመጨረሻውን አልሰሙም፤ ይድገሙት።»

«ይታያል ወንድምሽ ነው።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም መሰለኝ።»

«ይታያል ወንድምሽ ነው!» ብለው ጮኹ አቶ አለባቸው። «ምነው ካሣነሽ፣ አገሩን ሁሉ አደነቆርሽው እኮ!»

ካሣነሽ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች፤ ሮማን ተንበርክካ ጣቷን እንደ ጨቅላ ጎረሰች። መጀመሪያ ፊቷ በራ። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አለቀሰች!» አለች አበባየሁ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «የእናትነት ነገር እኮ! እዩልኝ፣ እንደ ወንዝ ነው የሚወርደው!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዷ አብራ አለቀሰች። አባ ግን የልጅቱን ከንፈር ማበጥ አይተው ወደ ካሣነሽ ጎንበስ አሉና፣ «ታጠቢ ብዬሽ አልነበረም?» አሏት።

«ውሃ» አለች ሮማን፣ ጣቱን ሳትተፋ። «ውሃ... እማዬ!»

«እርስዎ» ያልተባለችበት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ካሣነሽ ውሃውን ለማምጣት ሮጠች፤ መሮጧ ግን ለውሃው ይሁን ለቃሉ እሷም አታውቅም።

ሮማን ጠጥታ፣ አስነጥሳ፣ ሩዝ በባዶው በልታ ትንፋሽዋ ሲመለስ አቶ አለባቸው በደስታ ጠላቸውን አንሥተው፣ «እንግዲህ ልጅ ሆነሻል። ጡት የተጣባ ልጅ በዚያው ዕለት እናቱን አንድ ነገር ይለምናል፤ የመጀመሪያ ልመና ደግሞ አይመለስም። ለምኚያት!» አሉ።

«ለምኚ!» አሉ ሴቶቹ።

ካሣነሽ ሳቀች። ምን ትለምናለች? ሚጥሚጣ የሌለው ድንች ትለምን ይሆናል።

ሮማን ግን አልሳቀችም። ወደ ይታያል አየች። ይታያል ራሱን ነቀነቀ፤ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች። ሮማን የካሣነሽን ሁለት እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ ይታያልን ልቀቂው። ላሊበላ ይሂድ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የት ይሂድ?» አለች ካሣነሽ።

ይታያል ፊቷ መጥቶ ተንበረከከ። ቃሉ ተሸምድዶ የቆየ ስለ ነበር እንደ ውሃ ፈሰሰ። ላሊበላ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ይፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚችል። ከሮማን ጋር ሲንሾካሾክ የኖረው «እንኳን ደህና መጡ፣ ሻንጣዎን ልያዝልዎት፣ መንገዱ ትንሽ ያንገጫግጫል» ማለትን ሲማር ነው። ፎቶው ለማመልከቻው ነው። ፈተናውን አልፏል። ሥራው በዚሁ ሳምንት ነው የሚጀምረው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ፤ ካለቀስሽ ደግሞ አልሄድም። ሮማን ልጅሽ ስትሆን ግን ብቻሽን አትቀሪም ብዬ ነው የዘለልኩት።»

«ላሊበላ... አውሮፕላን አለ አይደል እዚያ?» አለች ካሣነሽ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«አውሮፕላኑ እንግዳ ይዞ የሚመጣ ነው እማ። እኔ የምሄደው በሚኒባስ ነው። በጋሸና በኩል።»

«ባሕርስ?»

«ላሊበላ ምን ባሕር አለ?»

አበባየሁ እስከዚህ ድረስ ከአንዱ ወደ አንዱ ስታይ ቆይታ ድንገት እንደ እሳት ተነሣች። «ካሲ! ቆይ፣ ቆይ! ለዚህ ነው እንዴ ማሩ? ልጅሽን ታገባዋለች ብለሽ ነው ሴትዮዋን ጣት ያስጠባሻት?»

«እሰይ!» አሉ አቶ አለባቸው ጭናቸውን መትተው። «ለዚህ ነው የወንድሙን ነገር ስታስደግሚኝ የዋልሽ!»

«ለዚህ ነው ባሕር ቢሻገሩም ያልሽኝ!» አሉ አባ። እሳቸው እንኳ ጥላቸውን ከፍተው ፊታቸውን ከለሉበት፤ ጥላው ይንቀጠቀጣል።

ሮማን ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባት። ወደ ይታያል ጠቆመች፣ ወደ ራሷ ጠቆመች። «እኔ? እሱን? ኧረ እማዬ! በግድግዳው ያንኮራፋል! በየሌሊቱ! ባጃጅ የሚነሣ ነው የሚመስለው!»

«አላንኮራፋም!» አለ ይታያል ተናዶ።

«ታንኮራፋለህ!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ፣ ጎረቤት ናቸውና።

ያኔ ሁሉም ፈነዳ። አቶ አወቀ ክራቫቱን ፈትቶ ዓይኑን ጠረገበት። አበባየሁ እንደ ልማዷ መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ካሣነሽ ራሷ መሀል ቆማ፣ በማርና በሚጥሚጣ የተለወሰ ጣቷን ቀስራ፣ እየሳቀች እያለቀሰች ነው፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም።

ሳቁ ሲበርድ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ልመናው መልስ ይፈልጋል። ይታያል እንደ ተንበረከከ ነው። ካሣነሽ ጣቷን አየች። ልጇን የሚይዝላት ገመድ ፈትላ ነበር፤ የገመዱ ሌላው ጫፍ አሁን የሮማን እጅ ላይ ነው፤ ሮማን ደግሞ ልጇ ናት፣ እሷው ራሷ በቄስና በሽማግሌ ፊት ያጠባቻት። «አይሆንም» ብትል የትኛውን እናትነቷን ታስቀራለች? ንግስት ስትሄድ ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ ጓዟ ተጠቅልሎ ነው ያየችው። ይሄኛው ተንበርክኮ እየጠየቀ ነው።

«ጋቢ ይዘህ ትሄዳለህ» አለች።

«እይዛለሁ!»

«ላሊበላ ብርድ የለም እማዬ» አለች ሮማን።

«አንቺ ዝም በይ፣ ስለ ብርድ አንቺን ማን ጠየቀሽ!» አለች ካሣነሽ። ሴት ልጇን ስትቆጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሮማንም ደስ አላት። «ማታ ማታ ትደውላለህ። ደህና ነኝ ብቻ ብለህ አትዘጋም፤ ምን እንደበላህ ትነግረኛለህ። መንገዱ ላይ ረጋ ብለህ ትነዳለህ።»

«እሺ እማ። እሺ። እሺ።»

«እንግዲያው ሂድ» አለች። አበባየሁ ከመሬት ሳትነሣ እልል አለች።

ይታያል ሐሙስ ጧት በሚኒባስ ተሳፈረ። ካሣነሽ መናኸሪያው በር ላይ ነበረች፤ ድንች በጨርቅ ቋጥራ በመስኮቱ ሰጠችው፤ አበባየሁ ቆሎ ጨመረችበት። ሮማን ፈቃድ ጠይቃ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ሾፌሩንም፣ ረዳቱንም፣ ተሳፋሪዎቹንም በየተራ «ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው» እያለች አደራ አለቻቸው። ሚኒባሱ በዚህ ምክንያት ዘግይቶ ነው የተነሣው።

ቅዳሜ ሮማን ጠመኔዋን ይዛ ከአንዷ ወደ አንዷ ትዞር ጀመር። ካሣነሽ ጋ ስትደርስ እንደ መዝለል ቃጣት። ካሣነሽ ግን ተራዋን ሳትጠብቅ ተነሥታ ቆማለች።

«አስክ ሚ» አለች።

«ሃው ሜኒ ችልድረን ዱ ዩ ሃቭ?»

ካሣነሽ የሰው ዓይን እንዳይበላቸው ቀስ ብላ አማተበች። «አይ ሃቭ ስሪ ችልድረን» አለች። አሰብ አደረገችና፣ «ኤንድ ፖቴቶ» ብላ ጨመረች። አበባየሁ ከአግዳሚው እንዳትወድቅ ጎረቤቶቿ ቀድመው ያዟት።

ዓመቱ ሲያልቅ ሮማን ለላኳት ሰዎች አመልክታ ሌላ ዓመት አስጨመረች። ንግስት አሁንም ዓረብ አገር ናት፤ እህት እንዳላት ተነግሯት በስልክ ስቃለች። ይታያል ላሊበላ እንግዳ ያመላልሳል፤ ማታ ማታ ምን እንደበላ ይናገራል። ልጇን ይዛ ትሄዳለች የተባለችው ሮማን ንፋስ መውጫ ቀረች፤ የሄደው ይታያል ነው።